ማንም የማይሰለፍበት ሰልፍ

ክሊፎርድ ሆልጌት በሰሜን እንግሊዝ፣ ከፓዲሃም ከተማ በርንሌ በሚያደርሰው መንገድ ላይ አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር። ከመቀመጫው ጀርባ «መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሌሎቹ ሹፌሮች ጽሑፉን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ስለ ኳሱም ስለ ዝናቡም ከተሳፋሪ ጋር ሲጨዋወቱ ይውላሉ። ክሊፎርድ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ወደደው። ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ እሱ ጠባይ ተጠንቶ የተጻፈ መሰለው። እንዲያውም ክልከላው መኪናው ከቆመም በኋላ እንደጸና ነው ብሎ ያምን ነበር።

ሚስቱ ኢቭሊን በሕይወት ሳለች ይህ ዝምታው ብዙም አልጎዳውም፤ የሁለቱንም ድርሻ እሷ ትናገር ነበርና። ገበያ የምትወጣውም፣ ከጎረቤት ጋር የምትጣላውም፣ መልሳ የምትታረቀውም እሷ ነበረች። ክሊፎርድ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ኢቭሊን ሞተች። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ጓደኛ ያመጣው ምግብ ሲያልቅ፣ ዳቦ ከየት እንደሚመጣ ለማጣራት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ከወንዙ አጠገብ ወዳለው ሱፐርማርኬት ገባ።

አመሻሽ ላይ ነበር። ከማቀዝቀዣው መደርደሪያ ፊት ጥቂት አዛውንቶች ቆመዋል። ሁሉም አንዳንድ የእርጎ ዕቃ አንስተው ከላዩ የተጻፈውን በጥሞና ያነባሉ። የፓዲሃም ሰው ለእርጎ ይህን ያህል ፍቅር እንዳለው ክሊፎርድ እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር።

ነገሩ የገባው ዋል አደር ብሎ ነው። የመሸጫ ቀኑ ሊያልፍ የተቃረበ ምግብ ጠዋት ላይ ትንሽ ይቀነስለታል፤ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ይደርሳል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ይወርድና እንደ ነጻ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የቆሻሻ በርሜል ነው። ይህን ሥራ የምትሠራው ጃኒስ የምትባል ትከሻዋ የሰፋ፣ አፏ ያላረፈ ሴት ነበረች። የዋጋ ማተሚያዋን እንደ ሽጉጥ ይዛ ከጓዳው በር ብቅ ስትል፣ እርጎ አንባቢዎቹ አንድም ቀና የሚል የለም። ቢጫ ወረቀቷን ዶሮው ላይ፣ ዓሣው ላይ፣ ዳቦው ላይ ለጠፍ ለጠፍ እያደረገች ታልፋለች። ጨርሳ ዞር ስትል ብቻ፣ ሁሉም በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፉ ዓይናቸው የገባ ነገር እንዳገኙ ሆነው እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ሕጉን የጻፈው የለም፤ የሚጥሰውም አልነበረም። ዋናው ነገር፣ በዚያ ቦታ ማንም ምንም እየጠበቀ አይደለም። ማንም ካልጠበቀ ደግሞ ሰልፍ ሊኖር አይችልም። ሆኖም እያንዳንዱ ሰው የሚቆምበትን ቦታ ያውቃል፤ ከፊቱ ያለውም የመደርደሪያ ክፍል ርስቱ ነው። የሰው ዘንቢል አይታይም። ቢጫ ያልተለጠፈበትን ዕቃ ቀድሞ መያዝ፣ ይባስ ብሎም ወደ ጃኒስ ወስዶ ለጥፊልኝ ማለት ከቶ የማይታሰብ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ዶሮ ይዞ እንዲህ አድርጎ ነበር ይባላል። ሰውየው ከጎረቤት ከተማ ከብላክበርን የመጣ መሆኑም አብሮ ይነገራል፤ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስላቸውም።

ለክሊፎርድ የደረሰው የመጨረሻው ቦታ ነበር፤ እያደር ግን አንዱ ሲሞት አንዱ ልጁ ዘንድ ሲገባ ወደፊት ተጠጋ። በስተግራው የምትቆመው አረንጓዴ ኮፍያ የምታደርግ፣ አጠር ያለች፣ እድሜዋ ከእሱ እምብዛም የማይርቅ ሴት ናት። ከእሷ ወዲያ የቀድሞው የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሚስተር ታተርሶል ይቆማል፤ እርጎውን መነጽር ለውጦ ነው የሚያነበው።

የአረንጓዴ ኮፍያዋ ርስት ጣፋጩ በኩል ነበር። ሌላ ምንም ብትወስድ ባትወስድ፣ አንዲት የከስታርድ ኬክ አትቀርባትም፤ ከእንቁላልና ከወተት የምትጋገር፣ ላይዋ ገውዝ የተነሰነሰባት፣ የመዳፍ ስፋት ያላት ቢጫ ኬክ። ኬኳን አንስታ ዘንቢሏ ውስጥ ስታኖር ክዳኗን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች፣ የልጅ ራስ እንደሚዳብስ ሰው። ክሊፎርድ ከስታርድ አይወድም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያቅለሸልሸዋል። ያቺን መታ መታ ግን ወደዳት። አራት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ስሟን አያውቅም፣ ድምጿንም ሰምቶ አያውቅም። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ከግድግዳው ጋር እንዲህ እላት ነበር እንዲህ ትለኝ ነበር እያለ ይጫወታል። ምኞቱ አንዲት ቀን አንዲት ቃል መናገር ነበር። ከዚያ የበለጠ አልጠየቀም።

ቀኗ መጣች። አንድ ሐሙስ ጃኒስ ቸኩላ ነበርና ኬኳን ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ ወስዳ ሸጎጠቻት። አረንጓዴ ኮፍያዋ በእግሯ ጣት ቆማ ብትንጠራራም አልደረሰችባትም። ክሊፎርድ ቁመተ ረጅም ነው። እጁን ሰዶ ኬኳን አወረደ። የቀረው «ይኸው» ማለት ብቻ ነው። እሷ ቀና ብላ ታየዋለች። ታተርሶልም እርጎውን ዝቅ አድርጎ ያይ ጀመር። ክሊፎርድ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ኬክ ይዞ አፉን ከፍቶ መቆሙ ከምንም የከፋ ሆነበት። ያን ጊዜ እጁ ከእሱ ጋር ሳይማከር ኬኳን በራሱ ዘንቢል ውስጥ አኖራት።

«ይቅርታ» አለች ሴትዮዋ።

«ይቅርታ» አለ እሱም።

በዚያ አገር እግሩን የተረገጠውም የረገጠውም እኩል የሚናገሩት ቃል ይኸው ነው። እነሆ አራት ዓመት የናፈቀውን ጭውውት አገኘ። በማግሥቱ ሴትዮዋ አልመጣችም።

በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን አልመጣችም። በታተርሶልና በክሊፎርድ መካከል የአንድ ሰው ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ቀረ። ማንም አልተጠጋበትም፤ መጠጋት ማለት ሰልፍ አለ ብሎ ማመን፣ ከዚያም ሴትዮዋ አትመለስም ብሎ መፍረድ ነው። ስለዚህ በባዶው ቦታ ፊት የተለጠፈባቸው ኬኮች የሚያነሳቸው አጥተው ወደ በርሜል ይሄዱ ጀመር። ታተርሶል አንድ ቀን ወደ ክፍተቱ አይቶ ሳል አለ። በፓዲሃም ሰው ዘንድ ይህ ረጅም ንግግር ነው፤ ክሊፎርድም በሳል መለሰለት። ከዚያ በላይ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? እዚያ ቆማ የማታውቅ ሴት የት ሄደች ተብሎ አይጠየቅም።

ክሊፎርድ ግን ነገሩ ቆረቆረው። ታማ ይሆናል አለ። ስትመለስ ድርሻዋ ሲጣል እንደኖረ ብታውቅ ምን ይሰማታል? ስለዚህ በየምሽቱ እጁን ወደ ባዶው ርስት እያሻገረ ያቺን የከስታርድ ኬክ ያነሳላት ጀመር፤ ቀኗ እንዳያልፍም ቤቱ ወስዶ ፍሪዘር ውስጥ ይከታታል። በስንት ዓመት የመጣች ኃላፊነት ናትና አንድ ቀን እንኳ አላጓደለም። በመጀመሪያ የኬኮቹ ቦታ ከአተሩ አጠገብ ነበር። ኋላ አተሩ ወጣ። ቀጥሎ ቋሊማው ወጣ።

ልጁ ጊሊያን ከፕሬስተን ልትጠይቀው መጥታ በረዶ ፍለጋ ፍሪዘሩን ከፈተች፤ ከፍታም ጥቂት ቆየች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኬክ ነው።»

«ኬክ መሆኑንማ አየሁ። አንተ ከስታርድ መቼ ትወዳለህ?»

«አልወድም።»

«እና?»

«የሰው ነው» አለ ክሊፎርድ።

ጊሊያን ፍሪዘሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በማግሥቱ ስልክ ደውላ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና ንግሥቲቱ ማን እንደምትባል ጠየቀችው። ሁሉንም ሳይሳሳት መለሰላት። ይህም የባሰ አስጨነቃት።

ፍሪዘሩ አልዘጋ ሲል ክሊፎርድ ቆረጠ። ጃኒስን መጠየቅ አለበት፤ ነገር ግን ምንም ሳይገዙ መጠየቅ ልመና ይመስላል፣ ቢጫ የተለጠፈበት ይዞ መጠየቅ ደግሞ ያ ሰልፍ መኖሩን ማመን ይሆናል። ስለዚህ በጠራራ ቀን፣ ዕቃ ሁሉ በሙሉ ዋጋው በሚሸጥበት ሰዓት ገባና አንድ እሽግ ቋሊማ አንስቶ ወደ እሷ ሄደ። ጃኒስ ወተት ትደረድር ነበር። ቋሊማውን አየች፤ እሱን አየች፤ ደግሞ ቋሊማውን አየች።

«ሆዴ፣ ይሄ እኮ ቢጫ የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«ደህና ነዎት? አሞዎታል እንዴ?»

ክሊፎርድ ቤቱ የተለማመደውን አወጣ። «አረንጓዴ ኮፍያ የሚያደርጉ ሴትዮ... አንዳንድ ጊዜ በእርጎው በኩል የሚያልፉ...»

«ቤሪልን ነዋ! ኧረ እሷ ጥላን ሄዳለች። በርንሌ ነው አሁን የምትገዛው።»

«ታመው ነው?»

«የታመመ ሰው ነው እንዴ በአውቶቡስ በርንሌ የሚመላለስ? ሰው ማስቸገር አልፈልግም ነው ያለችኝ። ማንን እንደምታስቸግር እግዜር ይወቅ፤ እንደ እሷ ያለች ጨዋ ሴት የለችም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በሉ እሱን ቋሊማ ይመልሱት። ማታ በግማሽ እለጥፍልዎታለሁ።»

ክሊፎርድ ግን አልመለሰውም። በሙሉ ዋጋ ገዛው፤ የወሬውን ዋጋ መክፈሉ ነበር። ቤሪል። አውቶቡስ ሲጠብቅ ስሟን ሁለት ጊዜ በቀስታ ተናገረው፤ አልከበደውም።

የበርንሌው ሱፐርማርኬት ትልቅ ነው፤ ሰልፍ ያልሆነውም ሰልፉ ረዘም ይላል። በርንሌዎች የሚያነቡት እርጎ ሳይሆን የሾርባ እሽግ ነው። ክሊፎርድ በመሃል አረንጓዴውን ኮፍያ አየ። ግን አዲስ መጪ ነውና ምን ያድርግ፤ ሄዶ ከሁሉ ኋላ ቆመና አንድ የዶሮ ሾርባ አንስቶ ማንበብ ጀመረ። መቼስ ከተራው በፊት ሰው መሃል ገብቶ ሴት አያነጋግርም። ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል ብሎ ሒሳቡን ሠራ፤ ደስም አለው።

ያን ጊዜ ቤሪል ዞር ብላ አየችው። ክው አለች። ቢጫ ለጣፊው ሠራተኛ የከስታርድ ኬክ ላይ ወረቀቱን መታ አድርጎ ሲያልፍ፣ ኬኩን አየች፣ ክሊፎርድን አየች፤ ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እጇን ወደ ኬኩ ዘረጋችለት፤ ለእንግዳ ወንበር እንደሚለቅ ሰው። ባዶ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች።

ሾርባ አንባቢዎቹ ሁሉ መንገድ ለቀቁ። መብት በገዛ ባለቤቱ ሲሰጥ መቀበል ግድ ነው። «ለእርስዎ እኮ ነው የተዉልዎት» አለችው አንዲት ሴት፣ ዓይኗን ከሾርባው ሳትነቅል። እምቢ ማለት ነውር ሆነበትና ኬኩን አነሳ። አንስቶም መክፈል ነበረበትና ወደ ገንዘብ መክፈያው ሄዶ ተሰለፈ።

ከፊቱ የቆመው ሰው ጋሪውን እስከ አፉ ሞልቷል፤ ይባስ ብሎ የቅናሽ ወረቀቶቹን ከየኪሱ አንድ በአንድ ይለቅማል። በመስተዋቱ በኩል ቤሪል ማዶ ፌርማታው ላይ ቆማ ትታያለች። ከመንገዱ ራስ ላይ የፓዲሃሙ አውቶቡስ ብቅ አለ። ክሊፎርድ ያን መኪና ያውቀዋል፤ ከዚያ ፌርማታ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚቆምም ያውቃል። ዛሬ ካመለጠችው ነገ በርንሌም አትመጣም፤ ካለችበት ሸሽታ ሌላ ከተማ ትገባለች፣ እሱም በየከተማው ኬክ ሲያባርራት ይኖራል። ሰውየው ሌላ ወረቀት ከካልሲው አካባቢ ያወጣ መሰለው።

ክሊፎርድ ኬኩን ከማስቲካዎቹ ላይ አኖረና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ ጥሎ ወጣ። እየሮጠ።

«እመቤቴ!» አለ መንገዱን ሲሻገር። «እመቤት ቤሪል!»

ዞረች። አውቶቡሱም በሩን ዘግቶ ተነሳ። ክሊፎርድ በሥራ ዘመኑ ለሚሮጥ ሰው አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም ነበር፤ ወጣት ሹፌሮችንም ሲያሠለጥን ይህንኑ ነው ያስተማረው። ትምህርቱ በደንብ ገብቷቸዋል።

ቤሪል ባዶ እጁን አየች። «ኬኩስ?»

«ትቼው መጣሁ።»

«ለምን? እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው...»

«አልወደውም» አለ ክሊፎርድ፤ ትንፋሹ ቆራርጦት። «ከስታርድ በጭራሽ አልወድም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ወሰዱት?»

«ላቀብልዎት ነበር።»

ቤሪል ኮፍያዋን አስተካከለች። መስተካከል የሚያስፈልገው ነገር ግን አልነበረበትም። «እኔማ» አለች፣ «አራት ዓመት ሙሉ ከአፍዎ ስነጥቅዎት የኖርኩ መስሎኝ፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት። ምን ዓይነት ስግብግብ ናት ይሉኝ ይሆናል አልኩ። ስለዚህ በቃ ቦታውን ልልቀቅላቸው ብዬ... እዚህ ደግሞ ሳይዎት፣ አይ የበርንሌውንም ከልክያቸዋለሁ አልኩ።»

«የፓዲሃሙን አስቀምጬልዎታለሁ» አለ ክሊፎርድ።

«የቱን?»

«ሁሉንም። ፍሪዘር ውስጥ ነው።»

የቤሪል ከንፈር ሊናገር ያሰበው አንድ ነገር ነበረ፤ መልሳ ዋጠችው። ደግ ሥራ ነው አለች።

በሚቀጥለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ክሊፎርድ በዚያ መስመር ላይ ተሳፋሪ ሆኖ ከሰው ጎን ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ጽሑፉ ከሹፌሩ ጀርባ እንደ ጥንቱ ተለጥፏል። አንብቦት፣ እሱን የሚመለከት ቃል ፈልጎ አጣ። ፓዲሃም እስኪደርሱ ስለ ኢቭሊን፣ ስለ ታተርሶል ሳል፣ ጊሊያን ስለ ንግሥቲቱ ስላቀረበችለት ፈተና አወራላት። ከቤሪል ሳቅ የተነሣ መውረጃቸውን ሊያልፉ ምንም አልቀራቸውም።

በማግሥቱ እሑድ ነበርና ለሻይ ጠራት። ከኬኮቹ አንዱን ከማለዳው አውጥቶ በረዶውን አስለቅቆታል፤ የኢቭሊንን የደግ ቀን ሳህኖችም አውርዷል። ከስታርድ በረዶ ሲነካው እንደሚበላሽ፣ እንቁላሉ ለብቻው ውሃው ለብቻው እንደሚሆን ቤሪል ከፌርማታው ጀምሮ ታውቅ ነበር። ክሊፎርድ ግን ከየት ያውቃል፤ ቀምሶት የማያውቀውን ነገር። ሲቆርሰው ሳህኑ ላይ አንድ ትንሽ ኩሬ ወጣ። ገውዙ በኩሬው ላይ ተንሳፈፈ።

ቤሪል በልታ ጨረሰች። መልካም ነው አለች። እንግዳ ሲበላ ባለቤት ዝም ብሎ አይቀመጥምና ክሊፎርድም፣ ከልጅነቱ የሚያቅለሸልሸውን፣ እያጣጣመ በላ። ሁለተኛ ቁራሽ ሲያቀርብላት ሳህኗን አቀበለችው። ለራሱም ጨመረ። ከወጥ ቤቱ ፍሪዘሩ ያንጎራጉራል፤ ሆዱ ገና ሙሉ ነው። ቤሪል ወደዚያ አየች፤ ምናልባት የሚመጡት እሑዶች ሁሉ በተራ ተሰልፈው ታይተዋት ይሆናል።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሚስተር ሆልጌት» አለች፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ነገር አይበላም።»

«ተመስገን» አለ ክሊፎርድ፣ የራሱን ማንኪያ ከእሷ ማንኪያ አጠገብ እያኖረ።